ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሰሰ ሲባል፦ ለአንዱ ኦፕሬሽን፣ ለሌላው መጠበቅ ለምን?

«ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል» የተባለ ቤተሰብ ወዲያው የሚጠይቀው «ኦፕሬሽኑ መቼ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ አንዳንዴ «አሁኑኑ» ይሆናል፤ አንዳንዴ «እስከ ነገ እንየው»፤ አንዳንዴ ደግሞ «ኦፕሬሽን አያስፈልገውም» ይባላል። ጠብ የሚያስነሳው ይህ ሦስተኛው ነው። አስታማሚው «ገንዘብ እንደሌለን አውቀው ነው»፣ «ተስፋ ቆርጠውበት ነው»፣ «ሰው ስለሌለን ነው» እያለ ይብሰለሰላል። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ደግሞ በዚያው ሌሊት ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ወጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ ሾርባ ይጠጣል። ሁለቱም የመጡት ደም ፈሶባቸው ነው።

ልዩነቱ ደሙ የት እንደፈሰሰ፣ ከምን ዓይነት የደም ስር እንደወጣና በምን ፍጥነት እንደተጠራቀመ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ፊልም ሲያይ በልቡ የሚመዝነው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ደም ቢወጣለት በሽተኛው ይጠቀማል ወይስ ደሙ ጋ ለመድረስ የምከፍተው መንገድ ራሱ ይጎዳዋል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ሚዛን ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ግን ደም ለምን በጭንቅላት ውስጥ እንዲህ እንደሚከፋ እንይ። እግር ላይ የዚያኑ ያህል ደም ቢቋጠር ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይድናል። የአዋቂ ሰው ራስ ቅል ግን አይለጠጥም። ውስጡ ሦስት ነገሮች ናቸው ያሉት፦ አንጎሉ፣ በደም ስሮቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም፣ እና አንጎሉን ዙሪያውን የከበበው ጥርት ያለ ፈሳሽ። ከቦታው 80 በመቶ ያህሉን አንጎል ይዞታል፤ የቀረውን ደምና ፈሳሹ ይካፈሉታል። ከደም ስር ወጥቶ የተጠራቀመ ደም ሲጨመርበት ከሦስቱ አንዱ ቦታ መልቀቅ አለበት። መጀመሪያ ፈሳሹ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ ታች ይሸሻል፤ ቀጥሎ በደም መላሾቹ ውስጥ ያለው ደም ተጨምቆ ይወጣል። እነዚህ እስኪሟጠጡ ድረስ በሽተኛው «ራሴን አመመኝ» ከማለት በቀር ብዙም ምልክት ላይታይበት ይችላል። ከተሟጠጡ በኋላ ግን የምትጨመረው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ግፊቱን ሽቅብ ትሰቅለዋለች። ይህን አሌክሳንደር ሞንሮ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1783 ጽፎታል፤ ኋላም ጆርጅ ኬሊ አጠናክሮታል። «ጧት ሲያወራን ነበር እኮ፣ ከሰዓት እንዴት ራሱን ሳተ?» ለሚለው የቤተሰብ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ጧት ፈሳሹ ገና ቦታ እየለቀቀ ነበር።

ቦታው ሲያልቅ አንጎሉ ራሱ ወደ ታች፣ አንገት ጋ ወዳለው ክፍት መገፋት ይጀምራል። ሲገፋ በመንገዱ ላይ የዓይንን ብሌን የሚያጠበውን ነርቭ ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ የአንዱ ዓይን ብሌን ይሰፋና መብራት ቢበራበትም አይጠብም። ነርሷ ትንሽ ባትሪ ይዛ ሁለቱንም ዓይን እየገለጠች የምታየው ይህንኑ ነው። ከዚያ በባሰ ደረጃ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ አተነፋፈሱ ይዘበራረቃል። እዚህ ላይ የግፊቱን ቁጥር ብቻ አይቶ መደንገጥ ያሳስታል፤ ሰውነት ግፊቱን የሚያንረው በተጨናነቀው አንጎል ውስጥ ደም እንዲያልፍ ለማስገደድ ሊሆን ይችላልና።

ከአጥንቱ ሥር የሚፈሰው

አንጎልን የሚሸፍኑ ሦስት ሽፋኖች አሉ። ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀው ወፍራሙ ዱራ ይባላል። ደሙ ከዱራው በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነገር ለበሽተኛው ዕጣ ከደሙ ብዛት ያላነሰ ክብደት አለው።

ከዱራው በላይ፣ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ የወጣቶች ነው። ከጆሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ስስ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ደም ወሳጅ ቧንቧ ተለጥፎ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧውን ይበጥሰዋል። አዳማ ላይ ይህ ጉዳት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፦ ሄልሜት ያላደረገ ሞተረኛ፣ መታጠፊያ ላይ የተገለበጠ ባጃጅ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ጋር የተላተመ ሚኒባስ፣ ከግንባታ እንጨት ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ በጠብ መካከል በዱላ የተመታ ልጅ።

የዚህ ደም ክፋቱ ማታለሉ ነው። ልጁ ሲመታ ለአፍታ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ ይነቃል፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ይነሳል፤ ቤቱም ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ይረፍ» ብሎ ይተወዋል። በድምፅ ማንኮራፋት ሲጀምር «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል። በነጋታው አይነቃም። ሁሉም በሽተኛ እንዲህ ባለ ቅደም ተከተል አያልፍም፤ የሚያልፈው ግን የሚሞተው ሊድን እየቻለ ነውና ሐኪሞችን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው እሱ ነው። ትንሽ አረቄ ቀምሶ ከነበረማ አለቀለት፤ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» የምትለዋን ቃል ስንቱ ቤት እንደተናገራትና እንደተጸጸተባት ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይነግራችኋል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰካራም እስኪመረመር ድረስ ጭንቅላቱን እንደተመታ ሰው ነው መታየት ያለበት።

ኦፕሬሽኑ ግልጽ ነው። ጭንቅላቱ ይላጫል፣ ቆዳው ይገለጣል፣ ደሙ ካለበት በላይ ያለው አጥንት በክብ ተቆርጦ ይነሳል፤ የረጋው ደም ይጠረጋል፣ የሚደማው ቧንቧ በኤሌክትሪክ ይተኮሳል፣ አጥንቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሥር ያለው አንጎል ራሱ ብዙ ጊዜ አልተጎዳም፤ የተጨቆነው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በጊዜ የደረሰ በሽተኛ ሙሉ በሙሉ ድኖ ወደ ሥራው ሊመለስ የሚችለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቅሱት መመሪያ እንደሚለው ይህ ደም ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ በሽተኛው ነቅቶ ቢያወራም እንኳ ይወጣል። 30 ሚሊ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። ከዚያ ያነሰና ሳሳ ያለ ከሆነ፣ አንጎሉንም ከመሐል መስመሩ ብዙ ካልገፋው፣ በሽተኛውም ንቁ ከሆነ፣ አልጋ ላይ አስተኝቶ በቅርብ መከታተልና ሲቲ ስካኑን መድገም ተገቢ ሕክምና ነው። «ዝም ብለው አስተኙት» የሚባለው ይህ ክትትል ነው።

ከዱራው በታች በአጣዳፊነት የሚፈሰው ደም ግን ሌላ ታሪክ አለው። የሚመጣው ከአንጎሉ ወደ ሽፋኑ ከሚሻገሩት ደም መላሾች መበጠስ ወይም ከተቀጠቀጠው አንጎል ራሱ ነው። ደሙ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ወይም አንጎሉን ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከመሐል መስመር ከገፋው ይወጣል። ነገር ግን ደሙ ቢወጣም የተቀጠቀጠው አንጎል አብሮ አይወጣም፤ ያብጣል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ አንዳንዴ አጥንቱን ሳይመልስ ቆዳውን ብቻ ሰፍቶ ይተወዋል፣ እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ። የተነሳው አጥንት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል ወይም በበሽተኛው ሆድ ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ከወራት በኋላ ይመለሳል። («አጥንቱን ምን አደረጉት?» ብሎ የሚጨነቅ አስታማሚ ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጠየቅና በካርዱ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ ጥሩ ነው።) አጥንት ማንሳት ሞትን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ያው ጥናት ግን ከተረፉት መካከል ጥቂት የማይባሉት በከባድ የአካል ጉዳት ወይም ራሳቸውን ሳያውቁ እንደሚኖሩም አሳይቷል። ፈርሙ የሚባል ቤተሰብ ሁለቱንም ግማሽ መስማት አለበት ባይ ነኝ።

«አባባ ጃጁ» የሚባለው

ከሁሉም ዓይነት የራስ ቅል ውስጥ ደም ይልቅ ሰፋ አድርጌ ላወራበት የምፈልገው ይኼኛውን ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ ይድናል፣ ግን ቤት ውስጥ ይረሳል።

ሰው ሲያረጅ አንጎሉ በመጠኑ ይቀንሳል፤ በአንጎሉና በሽፋኑ መካከል ክፍተት ይሰፋል። በመካከሉ የሚሻገሩት ደም መላሾች ይወጠራሉ። ከዚያ በኋላ ትልቅ አደጋ አያስፈልግም። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ብረቱ አናታቸውን ጎነጥ አደረጋቸው፣ የደጁ ጉበን መታቸው፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ አንሸራተታቸው፤ እሳቸውም ረሱት። ደሙ በጣም በዝግታ ይንጠባጠባል። ሰውነቱ በዙሪያው ስስ ሽፋን ይሠራበታል፣ ሽፋኑም በራሱ አዳዲስ ስስ የደም ስሮች እያበጀ ይደማል፣ የረጋውም ይሟሟል። ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ወር ያልፋል። ከዚያ እግራቸው መጎተት ይጀምራል፤ የልጅ ልጃቸውን ስም ያምታታሉ፤ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አንዳንዴም ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። ቤተሰቡ «አባባ ጃጁ» ይላል። ወይም አንድ እጃቸው ሲደክም «ስትሮክ ነው» ይባልና ለደም ማቅጠኛ አስፕሪን ይገዛላቸዋል፤ ይህ ደግሞ በሚደማው ላይ መጨመር ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተለወጡ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ፣ «ዕድሜ ነው» ከማለት በፊት አንድ ሲቲ ስካን ማንሳት ነው።

ኦፕሬሽኑን ቀረብ ብለን እንየው። ሰውየው በጀርባቸው ተኝተው ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ይዞራል። ለልባቸው ወይም ለሳንባቸው ሙሉ ማደንዘዣ የሚከብዳቸው ከሆነ ቆዳው ብቻ ይደነዝዛል፤ እንዲያ ሲሆን ሰውየው ነቅተው እየሰሙ ነው የሚሠራላቸው። ቀዶ ሐኪሙ ከጆሮ በላይ ፊትና ኋላ ላይ ቆዳው ላይ ሁለት አጫጭር ቅዶችን ይቀድዳል፤ በእያንዳንዳቸው ሥር አጥንቱን ይበሳል። መሰርሰሪያው በሞተር የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ እየዞረ የሚበሳውም ዛሬ ድረስ ያገለግላል። ሰውየው ድምፁና ንዝረቱ ይሰማቸዋል፣ አያማቸውም። የአጥንቱ ብናኝ ይታጠባል፤ በቀዳዳው ውስጥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሽፋን ይታያል። እሱ በመስቀል ቅርጽ ሲቀደድ ፈሳሹ ፊን ብሎ ይወጣል፤ ቀይ ደም አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ ከሞተር የሚቀዳውን የተቃጠለ ዘይት ይመስላል። ለብ ባለ ሳላይን እየታጠበ፣ የሚወጣው ጥርት እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ ለስላሳ ቱቦ ውስጡ ይቀመጥና ከአልጋው ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ለ2 ቀን ያህል የቀረውን ያንጠባጥባል። ከጠረጴዛው ሳይወርዱ የደከመው እጃቸው የተንቀሳቀሰላቸው ሰዎች አሉ።

ቱቦዋ ቀላል ነገር ትመስላለች፤ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከካምብሪጅ የወጣ ጥናት ቱቦ ከተተወላቸው መካከል ደሙ ተመልሶ ሌላ ኦፕሬሽን ያስፈለጋቸው 9 በመቶ ያህል፣ ካልተተወላቸው ደግሞ 24 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ አስታማሚ ሲያገላብጥ ቱቦዋን እንዳይስብ፣ ከረጢቱንም ከጭንቅላት በላይ እንዳያነሳ መጠንቀቅ የሕክምናው አካል ነው። ይህን ደም ለማድረቅ ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ይሞከር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በኦፕሬሽን ላይ ሲጨመር ውጤቱን እንደሚያባብስ አሳየ። ለአጣዳፊ የጭንቅላት ጉዳትማ ይህ ዓይነት መድኃኒት ሞትን እንደሚጨምር ከ10,000 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ነግሮናል። ከፋርማሲ ገዝቶ ማስወጋት ይቅር።

አንጎሉ ውስጥ፣ በግፊት

አሁን ወደዚያ ጠብ አስነሺ መልስ እንመለስ። ዕድሜያቸው 55 የሆነ፣ ግፊት እንዳለባቸው ያወቁ ግን «ደህና ሆንኩ» ብለው ክኒኑን የተዉ ሰው ድንገት አንድ ጎናቸው ከዳቸው፣ አፋቸው ተያዘ። ሲቲው አንጎሉ ውስጥ፣ ከገጹ ራቅ ብሎ በጥልቀት የፈሰሰ ደም ያሳያል። ለዓመታት ያልታከመ ግፊት በጥልቁ ያሉትን ቀጫጭን የደም ስሮች አድክሟቸው አንዱ ፈንድቷል። ደሙ ሲፈነዳ በዙሪያው ያለውን የአንጎል ክር በዚያው ቅጽበት ቀድዶታል። ቀዶ ሐኪሙ ገብቶ ደሙን ቢያወጣ የተቀደደው አይጠገንም፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ደህና የሆነውን አንጎል አቋርጦ ነው የሚያልፈው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተፈትኗል። በ27 አገሮች 1,033 በሽተኞች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ግማሹን ቶሎ ኦፕሬሽን አደረገ፣ ግማሹን በመድኃኒትና በክትትል ጀመረ። ከስድስት ወር በኋላ ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙት ከመጀመሪያዎቹ 26 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 24 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ሐኪሙ «ኦፕሬሽን አያስፈልገውም» ሲል ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ይህ ነው፤ የቤተሰቡን ኪስ አይቶ አይደለም።

ያለ ኦፕሬሽን የሚሰጠው ሕክምና ግን ሥራ የሚበዛበት ነው። የላይኛው የደም ግፊት በጥንቃቄ ወደ 140 አካባቢ እንዲወርድ ይደረጋል፣ ደሙ እንዳይሰፋ። ዋርፋሪን ይወስዱ ከነበረ (በልጅነታቸው ልባቸውን ታመው ቫልቭ የተቀየረላቸው ሰዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም) በቫይታሚን ኬና በሌሎች ማርከሻዎች ሥራው ይሻራል። ትኩሳትና የደም ስኳር ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። መዋጥ መቻላቸው ሳይረጋገጥ አጥሚት በአፍ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባ የገባ አጥሚት ከደሙ ያላነሰ ይገድላል። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ።

ከዚህ ሕግ የሚወጡ አሉ። ደሙ ከማጅራት በላይ ባለው በትንሹ አንጎል ውስጥ ከሆነና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በጠባብ ቦታ ከመተንፈሻ ማዘዣው ጎን ነውና በሽተኛው ሲደክም ቀዶ ሐኪም አይጠብቅም። ደሙ የአንጎሉን ፈሳሽ መውጫ ዘግቶ ፈሳሹ ከተጠራቀመ በግንባር በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ይቀዳል። ለገጹ ቅርብ የሆነ ደምን ደግሞ በቀጭን ቱቦ፣ አንጎሉን ብዙ ሳይነኩ ማውጣት ጥቅም እንዳለው 300 በሽተኞች የተካፈሉበት የእ.ኤ.አ. 2024 ጥናት አሳይቷል፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው። ወጣት ሆኖ ግፊት የሌለበት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ከደማ ከተፈጥሮ የተወሳሰበ የደም ስር ይኖር እንደሆነ ይፈለጋል።

ሐኪሞቹን ግን ነጻ አላወጣም። «አያስፈልገውም» ብሎ ፊቱን አዙሮ መሄድና፣ ፊልሙን መስኮት ላይ ሰቅሎ «ደሙ ይኸውና፣ እዚህ ለመድረስ በዚህ ማለፍ አለብኝ፣ ይህ ደግሞ የሚናገርበት ቦታ ነው» ማለት የአምስት ደቂቃ ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን የሰማ ቤተሰብ በሽተኛውን ተሸክሞ ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ ይወጣል።

በመብረቅ ፍጥነት የሚመጣው ራስ ምታት

ከአንጎሉ ገጽ ላይ፣ ፈሳሹ ባለበት ቦታ የሚፈሰው ደም በአደጋ ከመጣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ያለ አደጋ ከመጣ ግን የሚያስፈራው የደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ሳስቶና ተነፍቶ የሚሠራው ከረጢት፣ አኑሪዝም የሚባለው፣ መፈንዳቱ ነው። ምልክቱ በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ራስ ምታት ነው። ሰውየው «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላውቅም» ይላል፤ ያስመልሰዋል፤ አንገቱ ይገተራል። እኛ አገር «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መርፌ ተወግቶ ቤቱ የተላከ ይኖራል። የመጀመሪያው ደም ካልገደለው ሁለተኛው ይጠብቀዋል፤ ዳግም የመፈንዳት አደጋው በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያይለው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የተነሳ ሲቲ ስካን ይህን ደም የመሳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ሲዘገይ ግን ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልግ ይሆናል።

ሕክምናው ደሙን ማውጣት ሳይሆን ከረጢቱን መዝጋት ነው። አንዱ መንገድ ራስ ቅሉን ከፍቶ በማይክሮስኮፕ እያዩ አንገቱ ላይ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ ማድረግ ነው፤ መቆንጠጫውን ዎልተር ዳንዲ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ጀመረው፣ ማይክሮስኮፑ የመጣው ኋላ ነው። ሌላው በብሽሽት በኩል በደም ስር ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ከረጢቱን በፕላቲነም ጥቅል መሙላት ነው። ሁለቱም በየከተማው የሚሠሩ አይደሉም። ከተዘጋ በኋላም ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ የአንጎል ደም ስሮች ሊኮማተሩ ስለሚችሉ ኒሞዲፒን የሚባል ክኒን ለ21 ቀን ይሰጣል። «ኦፕሬሽኑ ተሳካ ብለው ለምን አያስወጡትም?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው።

አልጋው አጠገብና መንገድ ላይ

ክትትል ላይ ያለ በሽተኛ በየሰዓቱ ይቀሰቀሳል። አስታማሚ ይናደዳል፦ «ሲስተር፣ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው፣ ይተዉአቸው እንጂ!» ነርሷ ግን ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እስቲ እጄን ይጨብጡኝ። ጠበቅ ያድርጉት። አሁን ይልቀቁኝ» ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ በወጣ መለኪያ ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ትሰጣለች፤ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ነው። ከ14 ወደ 12 የወረደ በሽተኛ ኦፕሬሽኑ «ነገ» የነበረው «አሁን» ሊሆን ይችላል። ስምንትና ከዚያ በታች ከሆነ መተንፈሻው በቱቦ መጠበቅ አለበት።

አዳማ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ከወንጂ ወይም ከወለንጪቲ ገጠር የመጡ አባት በኦሮምኛ ብቻ ከሆነ የሚግባቡት፣ በአማርኛ «ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» ተብለው ዝም ቢሉ ነጥባቸው ያለጥፋታቸው ይወርዳል። «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ተብለው ስማቸውን ጥርት አድርገው ይናገሩ ይሆናል። ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባቸው መቆሙ፣ «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» ብሎ መናገሩ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ከተጻፈ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ፈጣን መንገድ ያን ክፍል አሳጥሮታል፤ ጊዜ የሚበላው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው የከተማው መጨናነቅና፣ ከደረሱ በኋላ «አልጋ የለም» ተብሎ መዞር ነው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎለት ማወቁን ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ቢሆንም በየሌሊቱ በየቦታው ተረኛ ይኖራል ማለት አይደለም።

በአምቡላንስ ውስጥ ራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል፣ አንገቱ ሳይጣመም። በአደጋ የተጎዳ ከሆነ አንገቱም የተሰበረ ሊሆን ስለሚችል ተደግፎ ይያዛል፣ ቃሬዛው በሙሉ ነው ቀና የሚለው። ኦክስጅን አይቋረጥ፤ የደም ግፊቱም በጣም አይውረድ፣ ለተጨናነቀ አንጎል ዝቅተኛ ግፊት መርዝ ነውና። በአፍ ውሃም ሆነ ስኳር አይሰጥ። ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ አይወጋ፤ መድማትን ያባብሳል። የሲቲው ፊልም ወይም ሲዲ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ማሸጊያና የተመታበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ። ሰዓቱ ይጠቅማል፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም አቁም መድኃኒት ለጭንቅላት ጉዳት የሚረዳው በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው።

ከኦፕሬሽን በኋላ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው የሚጥል በሽታ መከላከያ ክኒን ታዝዞለት ከሆነ በራሱ አያቋርጥም፤ መኪና ወይም ሞተር መንዳትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል። በዝግታ የሚደማው ደም ተመልሶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ እግር እንደገና መጎተት ወይም አዲስ ራስ ምታት ቀጠሮ አይጠበቅበትም። ዋርፋሪን የተቋረጠባቸው ሰዎች ደግሞ መቼ እንደሚጀምሩ የልብ ሐኪማቸውና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ነው የሚወስኑት፤ ያ ቀን በካርዱ ላይ ሳይጻፍ ከሆስፒታሉ ግቢ አትውጡ።